ሐሳብ ብቻውን የጥበብ ሥራ ይሆናልን? ጽንሰ ሐሳባዊ ሥነ ጥበብና ያገኘው ክብር ከቅኔ ቤት አንጻር ሲታይ

ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2024) ኒው ዮርክ ውስጥ ሶዝቢስ በተባለው የሐራጅ ቤት ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ አንድ ሙዝ ለጨረታ ቀረበ። ሙዙ በዚያው ዕለት ከመንገድ ዳር ፍራፍሬ ሻጭ የተገዛው በ35 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። የጨረታው መዶሻ ሲወርድ ዋጋው 5.2 ሚሊዮን ዶላር፣ የሐራጅ ቤቱ ድርሻ ሲታከልበት ደግሞ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ገዢው በክሪፕቶ ገንዘብ ንግድ የታወቀው ጀስቲን ሰን ሲሆን፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆንግ ኮንግ ላይ ጋዜጠኞች ሰብስቦ ሙዙን ልጦ በላው። ሥራው ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ካቴላን እ.ኤ.አ. በ2019 ማያሚ ቢች ከተማ በተካሄደ የሥነ ጥበብ ገበያ ላይ «ኮሜዲያን» ብሎ ሰይሞ ያቀረበው ነው። ያን ጊዜ የተጠየቀበት ዋጋ 120,000 ዶላር ነበር፤ ያን ጊዜም ሙዙን ከግድግዳ አውርዶ የበላ ሰው አልጠፋም።

ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚሰማው አስተያየት በሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ወገን «ይህ ማጭበርበር ነው» ይላል። ሌላው ወገን «አልገባችሁም፤ ሥራው ሙዙ ሳይሆን ሐሳቡ ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ይቆማል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ሁለቱም ወገኖች ቸኩለው እንደሚፈርዱና፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ በተለይም ሰምና ወርቅ በሚነገርበት አገር ያደገ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ለዚህ ክርክር የሚሆን የተሻለ መሣሪያ በእጁ እንዳለ ነው። ጉዳዩ የሠዓሊዎች እንጂ የእኛ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሥዕል ቀለሙን ትቶ ቃል ከሆነ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውም ነገር ከጎኑ ያለው የማብራሪያ ወረቀት ካልደገፈው የማይቆም ከሆነ፣ ነገሩ ወደ እኛ ቤት ገብቷል ማለት ነው።

ስለ ስያሜውና ስለ አመጣጡ

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በእንግሊዝኛ «ኮንሴፕቿል አርት» የሚባለውን አንዳንዶች «ሐሳባዊ ሥነ ጥበብ» ይሉታል። ይህ አጠራር እንከን አለው። «ሐሳባዊ» የሚለው ቃል በፍልስፍና ጽሑፎቻችን፣ በተለይም በአብዮቱ ዘመን በብዛት በታተሙት የማርክሲዝም መጻሕፍት፣ የ«ቁሳዊ» ተቃራኒ ሆኖ ለሌላ ፍች ተይዟል። በዕለታዊ ንግግርም «ሐሳባዊ» የምንለው በእውን የሌለውን፣ የምኞቱን ነው። ስለዚህ ቢረዝምም «ጽንሰ ሐሳባዊ» የሚለውን መርጫለሁ።

የዚህ አካሄድ አባት ተደርጎ የሚጠራው ፈረንሳዊው ማርሴል ዱሻም ነው። ዱሻም እ.ኤ.አ. በ1917 በፋብሪካ የተሠራ የወንዶች መሽኛ ገዝቶ፣ «አር. መት» የሚል የሐሰት ስም ፈርሞበት፣ «ምንጭ» በሚል ርእስ ኒው ዮርክ ላይ ለሚከፈት ዐውደ ርእይ ላከው። የዐውደ ርእዩ አዘጋጅ ማኅበር መዋጮውን የከፈለን ሰው ሥራ ሁሉ ያለ ምርጫ አሳያለሁ ብሎ ደንብ ያወጣ ነበር፤ ይህን ግን ሳያሳይ ቀረ። እንግዲህ የዱሻም ሥራ የሸክላው ዕቃ ብቻ እንዳልነበር ልብ ይሏል። ደንብ አውጪዎቹን በገዛ ደንባቸው የያዘ ወጥመድ ነበር። የመጀመሪያው ዕቃ ጠፍቷል። በወቅቱ የተነሣው የአልፍሬድ ስቲግሊትዝ ፎቶግራፍ ቀርቷል፤ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታዩትም ከብዙ ዓመታት በኋላ በዱሻም ፈቃድ የተዘጋጁ ቅጂዎች ናቸው።

ስያሜው የተስፋፋው ግን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮሱት በ1965 አንድ ወንበር፣ የዚያን ወንበር ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም «ወንበር» የሚለውን ቃል የመዝገበ ቃላት ፍች አጉልቶ ጎን ለጎን አቀረበ። ሶል ለዊት በ1967 «አርትፎረም» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ በዚህ ዓይነቱ ሥነ ጥበብ ዋናው ጉዳይ ሐሳቡ እንደሆነና አሠራሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተራ ተግባር እንደሆነ አስረዳ። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ቅን ተስፋ ነበራቸው። ዕቃ ከሌለ የሚሸጥ ነገር አይኖርም፤ ስለዚህ ሥነ ጥበብ ከሀብታም ሳሎን ያመልጣል ብለው ያምኑ ነበር። ተስፋው አልሠመረም። ገበያው ዕቃውን ባያገኝ የምስክር ወረቀቱን መሸጥ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ማርቲን ክሪድ የተባለው እንግሊዛዊ በባዶ ክፍል ውስጥ መብራት በየ5 ሰኮንዱ እየበራና እየጠፋ እንዲቆይ አድርጎ ተርነር የተባለውን ታዋቂ ሽልማት ወሰደ። ይህን ለተማሪዎች ስናገር ክፍሉ በሣቅ ይሞላል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለመብራት መጥፋት ሽልማት ይሰጣል ብሎ አስቦ አያውቅምና።

የሾላዋ ሙዝ ሻጭ ጥያቄ

የሙዙን ወሬ አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ውስጥ ለደንበኛዬ ነገርኳት። የአርባ ምንጭ ሙዝ በኪሎ የምትሸጥ፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምታንስ ሴት ናት። እንደጠበቅሁት አልሣቀችም። ሚዛኑን እንደያዘች ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ጋሼ፣ ሙዙ ሲጠቁር ማነው የሚቀይረው?» አለችኝ። ገዢው ራሱ እንደሚቀይረው፣ በምን ያህል ከፍታና በምን አኳኋን እንደሚለጥፈው የሚገልጽ ወረቀትም እንደሚሰጠው ነገርኳት። «እንግዲያው ሙዝ አልሸጡለትማ! ፈቃድ ነው የሸጡለት» አለችና ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።

ስለ «ኮሜዲያን» ካነበብኳቸው ረጃጅም ትንተናዎች አብዛኞቹ ከዚህ የተሻለ አልነገሩኝም። በእርግጥም የተሸጠው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የሚለው ይህን ሙዝ «ኮሜዲያን» ብለህ ልትጠራው መብት አለህ ነው። ያለ ወረቀቱ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ሙዝ ቢለጥፍ ሙዝ ለጠፈ ይባላል እንጂ የካቴላን ሥራ አለው አይባልም። ስለዚህ ሥራው፣ በትክክል ከተነገረ፣ ጽሑፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መነቀስ አለበት። የጽንሰ ሐሳባዊ ሥነ ጥበብ ጠበቆች ሕዝቡ ሥራውን የሚንቀው ስላልገባው ነው ይላሉ። የሾላዋ ሴት ግን በሁለት ጥያቄና መልስ ከነምስጢሩ ገብቷታል። ገብቷት ሳለ አላከበረችውም። መረዳትና ማክበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ተመልካቹ ክብር ሲነፍግ ሁልጊዜ ዕውቀት ጎድሎት ነው ብሎ መደምደም ሐያሲን ከሥራው የሚያወጣ ምቹ ማምለጫ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ይህንንማ ልጄም ይሠራዋል» የሚለው ነቀፋ ዋጋ የለውም። ልጁ ሊሠራው ይችላል፤ አልሠራውም። ቀላልነት ብቻውን ነውር ቢሆን ኖሮ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ስምንት ቤት ካለው መወድስ ሁልጊዜ ያነሰ በሆነ ነበር።

አንድ ተማሪዬ በዚህ ርእስ ላይ ስንወያይ፣ ሾላ ውስጥ ቲማቲም በመደብ የሚደረድሩ ሴቶችን ሥራ እንዳለ ወስደን ጋለሪ ብናስገባው ጽንሰ ሐሳባዊ ሥነ ጥበብ አይሆንም ወይ ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መደቡ ውስጥ ጥበብ አለ፤ የላላው ከታች፣ ጠንካራውና ቀዩ ፊት ለፊት ይሆናል፣ አራትና አምስት ፍሬ ክምር መስሎ እንዲታይ ይደረጋል። ይህ ገዢን የማሳመን ጥበብ ነው፤ የንግግር ዘዴ ብንለውም ያስኬዳል። መደቡ ጋለሪ ሲገባ ግን የሚያሳምነው ገዢ ያጣል። በምትኩ የሚያገኘው ዓይን ነው፤ በየዕለቱ አጠገቡ ሲያልፍ አይቶት የማያውቅ ሰው ቆሞ ያየዋል። የዱሻም ወገኖች የሚመኩበት ትርፍ ይህ ነው፤ እውነተኛ ትርፍም ነው። ጥያቄው ይህ ትርፍ ስንት ጊዜ ይገኛል የሚለው ነው።

ሰም የሌለው ወርቅ

ቅኔን ለማያውቅ ሰው ጽንሰ ሐሳባዊ ሥነ ጥበብን ማስረዳት ይከብድ ይሆናል፤ ለቅኔ ቤት ሰው ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። ቅኔ የሚታይ አካል የለውም። ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ አይሸጥም። በዓሉ በሚከበርበት ቀን በማኅሌቱ መካከል ይነገራል፣ ሰሚው ያደንቃል፣ ያልፋል። ባለቅኔው ለሚቀጥለው በዓል ያንኑ መድገም አይችልም፤ አዲስ መቀኘት አለበት። ከዚህ የበለጠ ከዕቃ የተላቀቀ ጥበብ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ላይ ዋናው ጉዳይ ምስጢሩ ነው። ለዊት በ1967 ለአሜሪካውያን አዲስ አድርጎ ያቀረበው «ሐሳቡ ይበልጣል» የሚለው አቋም በዋድላ፣ በጎንጅና በዋሸራ ከብዙ ትውልድ በፊት የሚታወቅ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ያህል ከተቀራረቡ፣ ቅኔን የሚያከብር ሰው የሙዙን ሥራ ስለምን አያከብርም? ልዩነቱ ሰሙ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቅኔ ወርቁ የሚገኘው በሰሙ በኩል ብቻ ነው። ሰሙን ትቶ ወርቁን በቀጥታ የተናገረ ሰው ምናልባት ትክክለኛ ነገር ተናግሮ ይሆናል፤ ቅኔ ግን አልተቀኘም። ኅብሩ በአንድ ቃል ሁለት ፍች ሲሸከም፣ ውስጠ ወይራው ላዩን ሌላ አስመስሎ ውስጡን ሲደብቅ፣ ቃሉን በሌላ ቃል ብንተካው ሁሉም ነገር ይፈርሳል። በዚህ ላይ የቤቱ ቁጥር፣ የዜማው ልክ፣ የግእዙ ሰዋስው አለ። ተማሪው ማታ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ የሚያርመው ሐሳቡን ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያርመው አገባቡን ነው። ሐሳብማ ማን ያጣል? ችግሩ ሐሳቡ የሚኖርበትን ቤት መሥራት ነው።

ከዚህ በመነሣት ለክርክሩ የሚያገለግል አንድ መፈተኛ ማቅረብ ይቻላል። አንድን ሥራ በሌላ ቃል ለሌላ ሰው ብንነግረው ምን ይቀራል? አንድን ጥሩ ቅኔ «ባለቅኔው እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው» ብለን ብንነግር፣ ሰሚው «ታዲያ ቅኔው የታለ?» ይለናል፤ የነገርነው ትርጓሜውን ብቻ ነውና። «አንድ ሰው ሙዝ ግድግዳ ላይ ለጥፎ በ120,000 ዶላር አቀረበ» ብንል ግን ሰሚው የሚጎድልበት ነገር የለም። ማያሚ ድረስ ሄዶ ቢያየው ምንም አይጨምርለትም። ይህ ዓይነቱ ሥራ ሲነገር የሚያልቅ ነው። በእኛ ባህል ሲነገር ለሚያልቅ ነገር ስም አለው፤ ቀልድ ይባላል። ቀልድ ክፉ አይደለም፤ ካቴላንም ሥራውን «ኮሜዲያን» ማለቱ ከብዙ አድናቂዎቹ ይልቅ እውነተኛ ያደርገዋል።

በዚህ ላይ የሥራ ባልደረባዬ የሆነ የሥነ ቃል መምህር ያነሣብኝ ተቃውሞ መጠቀስ የሚገባው ነው። «እኛው ራሳችን» አለኝ፣ «ምሳሌያዊ አነጋገር ከዐውዱ ተነጥሎ በወረቀት ሲሰፍር ግማሽ ነው እያልን እናስተምር የለም ወይ? የቅኔ አካሉ ቃሉ ከሆነ የዚህ ሥራ አካሉ ዐውዱ ነው። ሙዙን ከማያሚ፣ ከቢሊዮነሮቹና ከዋጋው ነጥለህ ስትነግረው አንተ ነህ የገደልከው።» ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። በተለይ የዱሻም ሥራ በዚህ መንገድ ሲታይ ክብሩ ይገባዋል። ደንቡ፣ ማኅበሩ፣ የሐሰት ፊርማው፣ እምቢታው ሁሉ የሥራው አካል ነበሩና፤ ዕቃው ጠፍቶ እንኳ ሥራው ያልጠፋው ለዚህ ነው። ነገር ግን ዐውድን አካሉ ያደረገ ሥራ የዐውድን ሕግም መቀበል አለበት። ዐውድ አንድ ጊዜ ነው። በቅኔ ቤት ትናንት የተነገረን ቅኔ ዛሬ ይዞ የሚቆም ነውረኛ ነው፤ የሌላ ሰው ከሆነማ ጭራሹን። ከ1917 ወዲህ «ተራ ዕቃ አምጥቼ ሥነ ጥበብ ነው ብላችሁስ?» የሚለው ጥያቄ በመቶ ዓይነት ዕቃ ተጠይቋል። የመጀመሪያው ጠያቂ ያገኘውን ክብር መቶኛው ጠያቂ በዚያው ጥያቄ ሊያገኝ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። ዋጋው መናሩ ደግሞ ስለ ገበያው እንጂ ስለ ጥያቄው የሚነግረን ነገር የለም።

«ገብረ ክርስቶስም ተነቅፎ ነበር»

በአገራችን ይህ ክርክር ሲነሣ ፈጥኖ የሚጠራው ስም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ አጥንቶ፣ በ1962 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎቹን ባሳየ ጊዜ «ይህ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አይደለም፣ ምኑም አይታወቅ» የሚል ነቀፋ ገጥሞታል። እርሱም ሥነ ጥበብ ለአንድ አገር ብቻ የተወሰነ ቋንቋ እንዳልሆነ ተከራክሯል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ በስደት አረፈ፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ ላይ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። በሥነ ጽሑፍም ተመሳሳይ ታሪክ አለን። ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መድበል ሲያሳትም ከቤት መምቻና ከተለመደው ምጣኔ በመውጣቱ፣ ይህንንም በመግቢያው በመሟገቱ፣ ግጥም አይደለም ያሉት ብዙዎች ነበሩ። ዛሬ መድበሉን የማያነሣ የዘመናዊ አማርኛ ግጥም ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። «እነዚያ ተነቅፈው ነበር፤ በኋላ ተከበሩ፤ ስለዚህ ዛሬ የሚነቀፈውም ነገ ይከበራል» ይባላል። ይህ አመክንዮ አይደለም። ተነቅፈው የተረሱት ቁጥራቸው አይታወቅም፤ የተረሱ ናቸውና ማንም በምሳሌነት አይጠራቸውም። በሰሎሞን ስም ተጠልለው መስመር መቆራረጥን ግጥም ያደረጉ ስንቶች እንዳሉ የግጥም ምሽት የሚታደም ሁሉ ያውቃል። የገብረ ክርስቶስን «ጎልጎታ» የተመለከተ ሰው ነቀፋው ለምን እንደከሰመ ሊረዳ ይችላል። ቀዩ ቀለም፣ ስቅለቱን ሊያመለክት እንጂ ሊሥለው ያልፈለገው ቅርጽ፣ ባዶው ቦታ፣ እነዚህ በቃል ተነግረው አያልቁም። ገብረ ክርስቶስ በብራና ጽሕፈትና ሥዕል በሚታወቅ የቤተ ክህነት ሰው ቤት ያደገ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የተወው ነገር ምን እንደሆነ አውቆ የተወ ሰው ነው። ስለዚህ እርሱን ለሙዙ ሥራ ጠበቃ አድርጎ ማቆም፣ እኔ እንደማየው፣ በእርሱ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። በመፈተኛችን ካየነው ከካቴላን ይልቅ ወደ ባለቅኔዎቹ የቀረበ ነውና።

ክብሩን የሚሰጠው ማን ነው?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሥራው ነው። ስለ ክብሩ ስንናገር ደግሞ ሰጪው ይመጣል። ዛሬ የአንድ ሠዓሊ ስም የሚገነው በቢየናሌዎች፣ በትልልቅ ጋለሪዎች፣ በሙዚየሞችና በሐራጅ ቤቶች ነው። እነዚህ ተቋማት የሚነጋገሩት በጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ለመጻፍ የሚመች ሥራ ለመወደስም ይመቻል። ጽንሰ ሐሳባዊ ሥነ ጥበብ ያገኘው ሰፊ ክብር በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ሥራው ከመታየቱ በፊት ተጽፎ ያለቀ ስለሆነ ሐያሲውን አያደክመውም።

ይህ ማለት ግን የዓለም ክብር ሁሉ ለባዶ ሐሳብ ይሰጣል ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት ያቀረበችው ተስፋዬ ኡርጌሳን ነው፤ ተስፋዬም የሰውን ገላ በቀለም የሚሥል ሠዓሊ ነው። አሰናጁ ደግሞ ገጣሚው ለምን ሲሳይ መሆኑ ለእኛ ትምህርት ክፍል የደስ ደስ ያለው ነገር ነው።

ከዚህ ይልቅ ለክርክራችን አስቸጋሪ የሚሆነው የኤልያስ ስሜ ሥራ ነው። ኤልያስ በ1968 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የተወለደ፣ እዚሁ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በ1990 የተመረቀ ሠዓሊ ነው። ከመርካቶ አዝራር፣ ክር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተፈታታ ኮምፒዩተር ውስጡን እየገዛ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ፣ ክፍሎቹን እየገጣጠመ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎች ይሠራል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ላይ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ተከፍቷል፤ የሙዚየሙ ግድግዳዎች በአገርኛ የጭቃ አሠራር የቆሙ ናቸው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ በዌሊን ሙዚየም «ታይትሮፕ» የተባለው ሰፊ ዐውደ ርእዩ ታየ። በውጭ ጽሑፎች ኤልያስ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በሐሳቡ ነው፤ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ፍጆታ፣ ሰው ከሰው ስለሚገናኝበት መረብ የሚናገር ተብሎ። እንዲህ ሲቀርብ ጽንሰ ሐሳባዊ ይመስላል። እውነትም ሐሳቡ አለ። ነገር ግን «አሮጌ ሽቦ ጎንጉኖ መልክዐ ምድር የሚመስል ነገር ሠራ» ብዬ ብነግራችሁ ምንም አልነገርኳችሁም። ከሩቅ አረንጓዴ ማሳ የመሰለው ቀርበው ሲያዩት በሺህ የሚቆጠር ጉንጉን ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሽቦ የሆነ ቤት ስልክ ወይም ራዲዮ ውስጥ የነበረ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ዕቃ በዚህ እጅ ሲገባ ሰም ሆነ። ወርቁን የጻፉለት ሰዎች ሰሙን መዝለላቸው የእርሱ ጥፋት አይደለም።

ሌላው ምሳሌ ለጽሑፍ ሰዎች የበለጠ የሚቀርብ ነው። ሮቤል ተመስገን «አናዘር ኦልድ ኒውስ» (ሌላ አሮጌ ዜና እንደማለት) በሚል ርእስ ጋዜጣን በእጅ እየጻፈ አቅርቧል። ሐሳቡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ሊታተም የሚገባውን በእጅ መጻፍ። በመፈተኛችን ቢመዘን ወዲያው የሚወድቅ ይመስላል። አይወድቅም፤ ምክንያቱም ገጹ በአማርኛ ተጽፏል፣ ስለዚህም መነበብ አለበት። የእጅ ጽሑፍ ቁም ጸሐፊን፣ ብራናን ያስታውሳል፤ ጋዜጣ ደግሞ ለነገ የማይተርፍ ወሬ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲጣሉ የሚሰማው ፊደሉን ለሚያነብ ሰው ነው። አማርኛ የማያውቀው ተመልካች የሚያየው መልኩን ነው። አገር ውስጥ ያለው፣ ማንበብ የሚችለው ሰው ደግሞ ሥራው መኖሩን እንኳ የማይሰማበት ጊዜ ይበዛል። ይህ ሁኔታ ከሙዙ ዋጋ ይልቅ የእኛን ሙያ የሚመለከት ነው።

በየካ በኩል ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በነበረው ነፃ የጥበብ መንደር ወጣት ሠዓሊዎች የተከላና የክዋኔ ሥራዎችን ለአላፊ አግዳሚው ያሳዩ ነበር። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ተመልካቹ አብሮ ይጠይቃል፣ ይስቃል፣ ይከራከራል። ማብራሪያው በአፍ፣ በአማርኛ ይሆናል፤ ደካማ ሐሳብም ረጅም ዕድሜ የለውም። ጋለሪ ውስጥ ግን ማብራሪያው በወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ፣ አልፎ አልፎ ከሥሩ በተለጠፈ ትርጉም። ይህን ትርጉም የሚሠሩት ከእኛና ከመሰል ትምህርት ክፍሎች የወጡ ልጆች ናቸው።

ባለፈው ሴሚስተር ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የሰጠሁት መልመጃ ይህን የሚመለከት ነበር። የአንድ ዐውደ ርእይ የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ወደ አማርኛ ይመለስ፣ ነገር ግን የሾላዋ ሙዝ ሻጭ ብታነበው በምታነሣው ጥያቄ ልክ ይመለስ አልኳቸው። ማብራሪያው አምስት ዐረፍተ ነገር ነበረው። «ቦታን ይሞግታል»፣ «በማንነትና በትዝታ መካከል ይመላለሳል» የሚሉት ሐረጎች ሲመለሱ የትኛውን ቦታ፣ የማንን ትዝታ የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ መልስ የሚሆን ግን ከሥራው ውስጥ አልተገኘም። ከአብዛኞቹ ተማሪዎች ወረቀት ላይ የቀሩት ዐረፍተ ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ ሥራው ከምን እንደተሠራና ሠዓሊው ለመሥራት ስንት ወር እንደፈጀበት የሚገልጹት። አንዲት ተማሪ ግን ዐውደ ርእዩ ድረስ ሄዳ ሥራውን አይታ ተመለሰችና ማብራሪያውን ትታ የራሷን በአማርኛ ጻፈች። ሰባት ዐረፍተ ነገር ሆነ፤ አንዱም በእንግሊዝኛው ውስጥ አልነበረም።